የማይስማሙ ሚዛኖች፦ በዘር የሚወረስ የኩላሊት ሕመምና የመለኪያዎቹ ታሪክ

(በአምቦ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)

በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለ ኢትዮጵያውያን ኩላሊት ከተጻፉት የምርምር ጽሑፎች ሁለት አሳቦችን ነጥዬ በራሴ ቃል ላቅርብ። አንደኛው፣ ኤችአይቪ የሚያስከትለው የኩላሊት ሕመም በኢትዮጵያውያን ላይ አልተገኘም ይላል። ሁለተኛው፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ክትትል ከሚያደርጉና ኤችአይቪ በደማቸው ካለ ሰዎች መካከል ኩላሊታቸው የደከመው ጥቂቶች አይደሉም ይላል። ሁለቱም የወጡት በታወቁ መጽሔቶች ነው፤ የጻፏቸውም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንድ ተማሪ ሁለቱን በአንድ ምሽት አንብቦ «ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል» ቢል አልፈርድበትም። እኔ ግን ሐኪም ሳልሆን የሕክምና ታሪክ አጥኚ ስለሆንሁ፣ ማን ተሳሳተ ከማለቴ በፊት «ሕመም ያሉት ምኑን ነው? የለኩትስ በምን ነው?» ብዬ መጠየቅ ይቀናኛል። ወደ ሁለቱ አሳቦች የምመለሰው መለኪያዎቹ ከየት እንደመጡ ካየን በኋላ ነው።

የዘመናዊው የኩላሊት ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው በማንኪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ያገለግል የነበረው ሪቻርድ ብራይት፣ ሰውነቱ ያበጠውን በሽተኛ ሽንት በማንኪያ አድርጎ በሻማ ነበልባል ላይ ያሞቀው ነበር። ሽንቱ እንደ እንቁላል ነጭ ከረጋ፣ በውስጡ ሊወጣ የማይገባው ፕሮቲን አለ ማለት ነው። በሽተኛው ሲሞት ደግሞ አስከሬኑ ተከፍቶ ኩላሊቱ ይታያል። ብራይት በ1827 ያሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን የሁለቱን፣ ማለትም በሕይወት ሳለ የተለካውንና ከሞት በኋላ የታየውን ግንኙነት ያሳየ ነው። ሁለቱ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ሰው እጅ ስለነበሩ አልተጣሉም። ጠቡ የመጣው መለኪያዎቹ ሲበዙና ሲለያዩ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ነገሮች እስከ ዛሬ አብረውን አሉ። በ1886 ማክስ ያፌ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት፣ ክሬያቲኒን ከፒክሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ቀይ ብርቱካንማ ቀለም እንደሚሰጥ ገለጸ። ክሬያቲኒን ጡንቻ የሚያመነጨው፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቅሪት ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። ያ የቀለም ለውጥ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በብዙ ላቦራቶሪዎች ይሠራበታል። በ1888 ደግሞ በፓሪስ ፌሊክስ ለዣር ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች የተሞላውን ኩላሊት «ፖሊሲስቲክ» ብሎ ሰየመው። ይህ በዘር ከሚወረሱት የኩላሊት ሕመሞች ዋነኛው ነው። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ይህ የውርስ ሥርዓት በቁጥር የተረጋገጠው ዴንማርካዊው ኦቨ ዳልጋርድ በ1957 ባሳተመው ሥራ ነው። 284 በሽተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ተከታትሎ ነበር። ከዋነኞቹ መለኪያዎቹ አንዱ ሰዎቹ በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ ነበር። ጨካኝ መለኪያ ነው፤ ግን ማንም አይከራከርበትም። የዳልጋርድ ሥራ ከታተመ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይህ ግልጽነት ተናጋ።

በ1960 በሲያትል ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ሠራ፤ ኩላሊቱ ፈጽሞ የቆመ ሰው በተደጋጋሚ እጥበት እየተደረገለት መኖር ቻለ። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የእጥበቱን ወጪ መንግሥት እንዲከፍል ሕግ አወጣ። ክፍያ ሲኖር መዝገብ ይኖራል፤ መዝገብ ሲኖር ተመራማሪ ይመጣል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የብዙ ጥናቶች መጨረሻ «የመጨረሻ ደረጃ የኩላሊት ሕመም» ሆነ። ትርጉሙም በተግባር «እጥበት የጀመረ ወይም ንቅለ ተከላ ያገኘ» ማለት ነው። ይህ የሕይወት መለኪያ መስሎ የሚታይ፣ ውስጡ ግን የክፍያ ቋንቋ ያለበት ነው። በአገሩ ክፍያው ለሁሉም ስላለ ሁለቱ በአብዛኛው አንድ ይሆናሉ። ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ግን መለኪያው የሚለካው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቀመሮቹ። ክሬያቲኒን ብቻውን አሳሳች ነው፤ ጡንቻ ያለው ወጣትና የከሳች አሮጊት ያንኑ ቁጥር ይዘው ኩላሊታቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕድሜን፣ ፆታን፣ አንዳንዴም ክብደትን እያስገቡ ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያጣራ የሚገምቱ ቀመሮች ተሠሩ። በ1976 የወጣው የኮክሮፍትና የጎልት ቀመር የተሠራው በ249 በሽተኞች ሲሆን ሁሉም ለማለት ይቻላል ወንዶች ነበሩ። ለሴቶች 15 በመቶ ይቀነስ ተባለ። በ1999 የወጣውና ኤምዲአርዲ የሚባለው ቀመር በ1628 የኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ተመሠረተ፤ እርሱ ደግሞ ሰውየው «ጥቁር» ከሆነ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበረው። በሰፊው በተሠራበት መልኩ ማባዣው 1.212 ነው። በ2009 የወጣው ተከታይ ቀመርም የራሱን ማባዣ ያዘ። በ2021 የዘር ማባዣው የተወገደበት አዲስ ቀመር ወጣ።

ይህ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ልሥራው፤ ተማሪዎችም ተከታተሉኝ። 45 ዓመቷ የሆነ፣ 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት እናስብ። ክሬያቲኒኗ በዴሲ ሊትር 1.1 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ቁጥር ሌላ ላቦራቶሪ በሌላ አሃድ 97 ማይክሮ ሞል በሊትር ብሎ ሊጽፈው እንደሚችል ልብ በሉ፤ ደሙ ያው ደም ነው። በኮክሮፍትና ጎልት ቀመር 51 ይወጣል። በኤምዲአርዲ ያለ ማባዣው 54፣ ከማባዣው ጋር 65 ይሆናል። በ2021ዱ ቀመር 63 ይሆናል። ከ2002 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸናው ወሰን 60 ነው፤ ከዚያ በታች ለሦስት ወር ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። እንግዲህ ይህች ሴት ከአራቱ በሁለቱ ሕመምተኛ፣ በሁለቱ ጤነኛ ናት። አንድም ጠብታ ደም አልጨመርንም።

«ይህ የወረቀት ጨዋታ ነው» እንዳትሉኝ፣ በ2014 የታተመ አንድ የአገራችንን ጥናት ልጥቀስ። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኝ ሆስፒታል የሚታከሙ 214 የስኳር ሕመምተኞች ተመረመሩ። በኤምዲአርዲ ሲሰላ ከ60 በታች የሆኑት 39 ናቸው፤ በመቶ 18.2። በኮክሮፍትና ጎልት ሲሰላ 51፤ በመቶ 23.8። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ጎን ለጎን በማተማቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ብዙዎች አንዱን መርጠው ሌላውን አይነግሩንም። የልዩነቱ 12 ሰዎች መድኃኒታቸው መጠን ሊቀነስላቸው፣ ቀጠሮ ሊያዝላቸው፣ ወይም «ደኅና ነህ» ተብለው ሊሸኙ ይችላሉ።

የዘር ማባዣው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ጥቂት መቶ የማይሞሉ አፍሪካዊ አሜሪካውያን ከተገኙበት ጥናት የወጣ ቁጥር፣ በአንዲት «ጥቁር» በምትል ቃል ምክንያት ወደ አፍሪካ ተሻገረ። በ2008 በደቡብ አፍሪካ በጥቁር ሕዝብ ላይ በተደረገ ፍተሻ ቀመሩ የተሻለ የሠራው ማባዣው ሲወጣለት ነው። ማባዣው የሚያደርገው ኩላሊትን ጤነኛ ማስመሰል ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ዘግይቶ ወደ መታከም።

ከደም ወደ ምስል እንለፍ። በፖሊሲስቲክ ሕመም ክሬያቲኒን ለአሥርት ዓመታት ደኅና ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ከረጢቶቹ ኩላሊቱን እየሞሉ ሳሉ የቀሩት ጤነኛ ማጣሪያዎች የጠፉትን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። ቁጥሩ መበላሸት ሲጀምር ብዙው ነገር አልፏል። ተመራማሪዎች ስለዚህ አስቀድሞ የሚናገር መለኪያ ፈለጉ፤ ያገኙትም የኩላሊትን መጠን ነው። በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 241 በሽተኞችን በኤምአርአይ ተከታትሎ ኩላሊታቸው በዓመት በአማካይ 5 በመቶ ከፍ ባለ ፍጥነት እንደሚያድግ አሳየ። አስተማማኝ፣ በሚሊ ሊትር የሚቆጠር፣ መድኃኒት ሊሞከርበት የሚችል መለኪያ የተገኘ መሰለ።

አራት ዓመት ሳይቆይ ግን ጥርጣሬ መጣ። በ2010 ኤቨሮሊመስ የተባለ መድኃኒት በ433 በሽተኞች ላይ ለሁለት ዓመት ተሞከረ። መድኃኒቱን ያልወሰዱት ኩላሊታቸው በአማካይ 301 ሚሊ ሊትር ሲያድግ፣ የወሰዱት 230 አደገ። የማጣራት ኃይላቸው ግን በወሰዱትም በ8.9፣ ባልወሰዱትም በ7.7 ወረደ። ኩላሊቱ ያነሰ አደገ፤ ሥራው አልተሻለም። መጠን ሥራን ይወክላል ብለው ለገመቱት ይህ ከባድ መልስ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው የቶልቫፕታን ታሪክ በመለኪያ ምክንያት አንድ መድኃኒት በአንድ አገር ሲፈቀድ በሌላው እንዴት እንደሚዘገይ ያሳያል። በ2012 በወጣው ሙከራ 1445 በሽተኞች ለሦስት ዓመት ተከታተሉ፤ ዋናው መለኪያ የኩላሊት መጠን ነበር። ያለ መድኃኒት በዓመት 5.5 በመቶ የሚያድገው በመድኃኒት 2.8 በመቶ ሆነ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 አልቀበልም አለ። ስለ ጉበት ጉዳትና ስለጎደሉ መረጃዎችም ሥጋት ነበራቸው፤ የክርክሩ እምብርት ግን መጠን ምን ያህል ስለ ሕመምተኛው ዕጣ ይናገራል የሚለው ነበር። ጃፓን በ2014፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ፈቀዱ። አሜሪካ የፈቀደችው በ2018 ነው፤ ያውም በ2017 ሌላ ሙከራ፣ በዚህ ጊዜ በማጣራት ኃይል የሚለካ፣ በ1370 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በዓመት 1.27 ሚሊ ሊትር የሚሆን ልዩነት ከታየ በኋላ። ያንኑ ዘረ መል የወረሱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በቶኪዮ አንዱ በቺካጎ፣ ለአራት ዓመት ያህል የተለያየ ሕክምና ያገኙት በሚዛን ልዩነት ነው።

የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ክርክር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጊንጪ አጠገብ ያለውን የጭልሞን ደን አስቡት። አንዱ ባለሙያ የደኑን ስፋት በሄክታር ለክቶ «ደኑ አለ» ይላል። ሌላው ከጥዱና ከዝግባው ሥር ገብቶ ችግኝ መብቀሉን፣ ወይራው መተካቱን አይቶ ሌላ ይናገራል። ስፋቱ ሳይቀንስ ደኑ ሊያረጅ ይችላል። ሁለቱም የለኩት ጭልሞን ነው። ማን ምን እንደለካ ካልተጻፈ ግን የሁለቱን ሪፖርት አንድ ላይ መደመር አይቻልም። ምሳሌውን ከዚህ በላይ አልገፋውም፤ ኩላሊት ደን አይደለም።

መደመር አለመቻሉ ምን ያህል የከፋ እንደነበር የታወቀው በ2020 አንድ ቡድን በፖሊሲስቲክ ሕመም ላይ የተደረጉ 68 ሙከራዎችን ሰብስቦ መለኪያዎቻቸውን ሲቆጥር ነው። 1413 የተለያዩ መለኪያዎችና የመለኪያ ጊዜዎች ተገኙ። እንደገና ልበለው፤ በ68 ሙከራ 1413። የኩላሊትን ሥራ ለመለካት ብቻ 46 መንገድ፣ መጠንን ለመለካት 52 መንገድ ነበር። ከሙከራዎቹ 79 በመቶ የኩላሊትን ሥራ ሲለኩ፣ ከሕመሙ የሚመጣውን ሥቃይ የለኩት 24 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በ26 የተለያየ መንገድ። ኩላሊቱ ቆሞ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ላይ መድረስን የዘገቡት 12 በመቶ ናቸው።

በዚያው ዓመት ሕመምተኞች፣ ቤተሰቦቻቸውና ሐኪሞች ከብዙ አገሮች ተጠይቀው በማንኛውም ሙከራ ሊቀሩ የማይገባቸው አራት መለኪያዎች ተመረጡ፦ የኩላሊት ሥራ፣ ሞት፣ የልብና የደም ሥር ሕመም፣ እንዲሁም ሥቃይ። የመጠን መለኪያ፣ ያ ሁሉ ክርክር የተደረገበት፣ ከአራቱ ውስጥ የለም። ሥቃይ ግን አለ። ይህ በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ የገባውም ሕመምተኞች ስለተጠየቁ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወደ አነሣኋቸው ሁለት አሳቦች ልመለስ። በአሜሪካ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ለኩላሊት መቆም የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸው ለረጅም ጊዜ ይታወቅ ነበር። በ2008 ኤምዋይኤች9 የተባለ ዘረ መል ተጠያቂ ተደረገ፤ በ2010 ግን እውነተኛው ተጠያቂ ጎረቤቱ አፖል1 መሆኑ ተረጋገጠ። የጥናቶቹ ሕመምተኞች በብዛት የተገኙት ቀደም ብዬ በገለጽሁት በዚያ የእጥበት መዝገብ በኩል ነው።

አፖል1 የሚባለው ፕሮቲን በደማችን ውስጥ የሚኖር የጥገኛ ተሕዋስያን ገዳይ ነው። በጊቤና በዴዴሳ ሸለቆዎች ከብት የምናጣበት ገንዲ ሰውን የማይዘው በአብዛኛው በዚህ ፕሮቲን ምክንያት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ ግን ይህን መከላከያ የሚያመክንበት መንገድ አገኘ፤ ጂ1 እና ጂ2 የተባሉት የዘረ መሉ ለውጦች በተራቸው ያንን ተሕዋስ እንዲቋቋም ያደርጋሉ። ከሁለቱም ወላጆች የወረሳቸው ሰው ግን ለኩላሊት ሕመም ይጋለጣል። ለውጦቹ በምዕራብ አፍሪካ በብዛት ይገኛሉ።

ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ታሪክ የገቡት በእስራኤል በኩል ነው። በ2006 የእስራኤል ሐኪሞች ኤችአይቪ ያለባቸውን ትውልደ ኢትዮጵያውያን መርምረው ኤችአይቪ የሚያስከትለውን የኩላሊት ሕመም እንዳላገኙ ጻፉ። አፖል1 ከታወቀ በኋላ ከ12 የአፍሪካ ሕዝቦች የተሰበሰቡ 676 ናሙናዎች ተመረመሩ፤ ከእነዚህ 304ቱ ከአራት የኢትዮጵያ ሕዝቦች ነበሩ። አደገኛዎቹ ለውጦች በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ አልታዩም። የሕመሙ አለመኖርና የለውጦቹ አለመኖር ስለተገጣጠሙ፣ ይህ የአዲሱን ዘረ መል ተጠያቂነት ከሚደግፉት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ።

ልብ በሉ፤ እዚያ የተፈለገው ሕመም በጠባቡ የተተረጎመ ነው፦ ብዙ ፕሮቲን በሽንት ማፍሰስ፣ ፈጥኖ መድከም፣ በባዮፕሲ የሚታይ የማጣሪያ መውደቅ። ያ ሕመም አልተገኘም። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ በአብዛኛው ባዮፕሲ የላቸውም፤ ክሬያቲኒን ይለካሉ፣ በአንዱ ቀመር ያሰላሉ፣ ከ60 በታች የሆነውን ይቆጥራሉ። ብዙ ጊዜም ከሦስት ወር በኋላ አልተደገመም። በዚህ ቁጥር ውስጥ ቴኖፎቪር የጎዳው፣ ስኳርና የደም ግፊት ያለበት፣ ተቅማጥ ይዞት ውሃ ያጠረው ሁሉ ይገባል። የመጀመሪያው ጥናት አንድ የተወሰነ በሽታ ሲፈልግ ሁለተኛው የደከመ ኩላሊት ፈለገ። ሁለቱም አሳቦች እውነት ናቸው። አደጋው አንዱን አንብቦ በሌላው ላይ መወሰን ነው፦ «ኢትዮጵያውያን በዘራቸው የተጠበቁ ናቸው» ብሎ የሽንት ምርመራን መተው። ከአራት ሕዝቦች የተገኘ ውጤት ከሰማንያ በላይ ሕዝቦች ላሉባት አገር ሁሉ መዘርጋቱም ራሱን የቻለ ችግር አለው።

የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። በዚያው ዘመን የዘረ መል ሳይንስ ኢትዮጵያውያንን ከምዕራብ አፍሪካና ከአፍሪካዊ አሜሪካውያን ሲለይ፣ ቀመሩ በ1.212 አባዝቶ ከእነርሱ ጋር አንድ ያደርጋቸው ነበር። ሁለቱ ሳይንሶች በአንድ መጽሔት ገጽ ላይ ተገናኝተው ሊሆን ይችላል፤ ግን አልተነጋገሩም።

መለኪያ መልሱን እንደሚለውጥ የሚያሳይ ቅርብ ማስረጃ በ2024 ወጣ። በጋናና በናይጄሪያ በ8355 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት ከሁለቱም ወላጆች አደገኛውን ለውጥ ወርሰዋል። መለኪያው ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም በጠቅላላው ሲሆን የእነዚህ ሰዎች የመታመም ዕድል በ25 በመቶ ከፍ ይላል፤ መለኪያው የማጣሪያ ጠባሳ የሚያስከትለው የተለየ ሕመም ሲሆን ግን 84 በመቶ። ዘረ መሉም ሰዎቹም ያው ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልምጣ። በዓለም አቀፍ ሙከራ «እጥበት መጀመር» ትልቅ መጨረሻ ነው። በምዕራብ ሸዋ ገጠር የሚኖር፣ ከአባቱ ፖሊሲስቲክ የወረሰ አንድ አርሶ አደር ኩላሊቱ ቢቆም እጥበት መጀመሩ የሚወሰነው በበሽታው ብቻ አይደለም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማሽን ያለበት ከተማ መድረስ አለበት፤ አዲስ አበባ ከአምቦ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚሸጠው በሬ፣ የሚያስጠጋው ዘመድ ያስፈልገዋል። ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ያውም ሰጪ ዘመድ ይሻል። በዘር በሚወረስ ሕመም ደግሞ ሰጪ ይሆናል የተባለው ወንድም ራሱ የወረሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እጥበት ያልጀመረ ሁሉ «መጨረሻው ላይ አልደረሰም» ተብሎ ከተጻፈ፣ በእኛ አገር በሽታው የለዘበ ይመስላል። በሽታው አልለዘበም፤ ሰውየው ከመዝገቡ ውጭ ነው የሞተው።

ሞትን ራሱን ብንወስድ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2012 ወጥቶ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በነሐሴ 2016 ነው። ከዚያ በፊት የሞተ ሰው በዕድር መዝገብ ሊገኝ ይችላል፤ በምን እንደሞተ ግን ዕድሩ አይጽፍም። ዳልጋርድ በዴንማርክ የሠራውን እኛ ዛሬ ብንጀምር ወደ ኋላ መሄድ የምንችለው ብዙ ዓመት አይደለም።

ሥቃይ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በ2012ቱ የቶልቫፕታን ሙከራ የኩላሊት ሥቃይ የሚቆጠረው የሕክምና ፈቃድ ካስወጣ፣ መድኃኒት ካሳዘዘ ወይም ሌላ ጣልቃ ገብነት ካስፈለገ ነው። በመኸር ወቅት የጤፍ አጨዳ ላይ ያለ ሰው ከማን ፈቃድ ይወጣል? ወገቡን በነጠላ አስሮ ይሠራል፤ በዚያ መለኪያም ሥቃይ የለበትም ማለት ነው። ቋንቋውም አለ። በአማርኛ «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ወገቡ ነው፤ በኦሮምኛም «ካሌ» የሚለው ቃል ወደ ክሊኒኩ በር ሲደርስ ከኩላሊት ጠጠር እስከ ጀርባ ሕመም ሊሸከም ይችላል። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማትና ማቃጠል አንድ አይደሉም። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለብዙ አረጋውያን እንግዳ ነው፤ «ሌሊት ያስተኛዎታል? በቀኝ ጎንዎ መተኛት ይችላሉ? ውሃ ቀድተው መመለስ ይችላሉ?» የሚሉት ይገባሉ።

ስለዚህ የጤና ባለሙያዎችን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በካርዱ ላይ ከክሬያቲኒኑ ቁጥር አጠገብ አሃዱን፣ የላቦራቶሪውን ዘዴና የተሰላበትን ቀመር ጻፉ። ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ ተደግሞ ከሆነ ቀኑን ጻፉ። እጥበት የሚያስፈልገው ሆኖ ያልጀመረ ካለ ለምን እንዳልጀመረ አንድ መስመር ተዉለት፤ «ገንዘብ»፣ «ርቀት»፣ «አልፈለገም» ማለት ይበቃል። አልትራሳውንድ ላይ ከረጢት የታየበት ሰው ሲመጣ የወላጆቹንና የወንድም እኅቶቹን ስም ሳይሆን ቁጥራቸውን፣ ስንቱ እንደታመመ፣ ስንቱ በስንት ዓመቱ እንዳረፈ ጠይቁ። ሥቃይን ሰውየው በተናገረበት ቃል፣ በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ እንዳለ ጻፉት፤ ተርጉማችሁ ብቻ አታስቀሩት።

ጊዜዬ አልቋል። ከኋላ ረድፍ እጃቸውን ያነሡት እናት ቀድመው ይጠይቁ።